ቅኔ ቤቱና የተዘነጋው እጅ

ስለ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ትምህርት በተነሣ ቁጥር ሁለት ፍርዶች እየተፈራረቁ ይሰማሉ። የመጀመሪያው ትምህርቱን ከሽምደዳ አይለየውም፤ ሕፃኑ የማያውቀውን ቋንቋ በቃሉ ሲወጣ፣ ደበሎ ለብሶና አኩፋዳ አንግቶ ከደጅ ደጅ ሲለምን የልጅነት ዘመኑን በድግግሞሽ ፈጀ ይላል። ሁለተኛው ፍርድ በአንጻሩ ሁሉንም በጅምላ ቅርስ ብሎ ከመስታወት ሣጥን ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ያደንቃል እንጂ አይመረምርም። ሁለቱ ፍርዶች ተቃራኒ ቢመስሉም በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ትምህርቱን ያለቀለትና የማይንቀሳቀስ ነገር አድርገው መውሰዳቸው ነው። አንዱ ይንቀዋል፤ ሌላው ይሳለመዋል፤ ጠጋ ብሎ አሠራሩን የሚጠይቅ ግን ከሁለቱም ወገን እምብዛም አይገኝም።

ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ውበት በዚህ ትምህርት ውስጥ ምን ሥራ ይሠራል? ጥበብን ለሃይማኖት ትምህርት ማጣፈጫ አድርጎ መጠቀም የተለመደ ነው። ልጁ ትምህርቱን እንዳይሰለች መዝሙር ይጨመርለታል፤ ታሪኩ እንዲገባው ሥዕል ይታከልለታል። እንዲህ ባለው አያያዝ ትምህርቱ አንድ ነገር፣ ውበቱ ሌላ ነገር ነው፤ ማጣፈጫው ቢቀር ወጡ ወጥነቱን አያጣም ማለት ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ግን፣ በተለይም ቅኔ ቤቱ፣ ነገሩን ከሥሩ ለውጦታል። በዚያ ቤት ውበት የመማሪያው መንገድና የመፈተኛው ሚዛን ራሱ ነው። ተማሪው ማወቁ የሚታወቀው ያማረ ነገር ሲፈጥር ነው። ይህ የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ታላቅ ግኝት ነው። ታላቅ ጉድለቱም ከዚሁ ጎን ይገኛል፤ ይህን ክብር ለጆሮና ለአንደበት ሲሰጥ ለእጅ ነፍጎታልና።

ነገሩን ለመረዳት ከደረጃዎቹ መጀመር ያሻል። ንባብ ቤት የገባ ሕፃን ፊደል ከለየ በኋላ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ እያለ እስከ ዳዊት ይዘልቃል። በዚህ ጊዜ የሚያነበው ቃል ፍቺ አይነገረውም። የሽምደዳ ነቀፋ የሚመነጨውም ከዚህ ነው፤ ነቀፋውም ሐሰት አይደለም። ሆኖም በዚያው ዘመን ልጁ ሌላ ነገር ይማራል። ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ ንባብን ይለያል፤ ድምፅ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚሰበር በጆሮው ይቀረጽበታል። ተነሡን ጥሎ ያነበበ ተማሪ ተሳሳተ ተብሎ ይመለሳል። ትርጉም ሳይመጣ የድምፅ ሥርዓት ይቀድማል። ክፉም ሆነ በጎ፣ ይህ ትምህርት ገና ከመነሻው የጆሮ ትምህርት ነው።

ዜማ ቤት ይህንኑ ጆሮ ያሰፋዋል። ትውፊት ዜማውን ሁሉ የሚያያይዘው በ6ኛው መቶ ዓመት በአክሱም ከነበረው ከቅዱስ ያሬድ ጋር ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ የዜማ ስልቶች፣ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት የተባሉት መጻሕፍትም በእርሱ ስም ይጠራሉ። ለብዙ መቶ ዓመታት ከአፍ ወደ ጆሮ የወረደው ዜማ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት፣ ይኸውም እ.ኤ.አ. ከ1540 እስከ 1559 ባለው ጊዜ፣ በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል አማካይነት በምልክት መጻፍ እንደ ጀመረ ሊቃውንቱ ያስተምራሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ቁርጥ እየተባሉ የሚቆጠሩት እነዚህ ምልክቶች ከቃሉ ራስ ላይ ይሰፍራሉ፤ ነገር ግን ብቻቸውን አይዘመሩም። ምልክቱ የሚያስታውሰው ከመምህሩ አፍ የሰማውን ሰው ነው፤ ላልሰማ ሰው ዝም ይላል። ቤተ ልሔም ለድጓ፣ ዙር አምባ ለዝማሬና መዋሥዕት ምስክር ሆነው ሲኖሩ ተማሪዎች ከሩቅ አገር ወደዚያ የሚጓዙት መጽሐፉን ፍለጋ ሳይሆን ድምፁን ፍለጋ ነው።

አቋቋም ደግሞ ለዚህ ድምፅ አካል ይሰጠዋል። መቋሚያው፣ ጸናጽሉና ከበሮው በአንድነት ሲንቀሳቀሱ እያንዳንዳቸው ትርጓሜ አላቸው። በከበሮው ላይ የተጠላለፈው ጠፍር የጌታ የግርፋቱ ሰንበር ነው ይባላል፤ ጸናጽሉ ያዕቆብ ያየው መሰላል ነው ይባላል። ለዓይን ጌጥ የሚመስለው ሁሉ ነገር ይናገራል። በላይ ቤት፣ በታች ቤትና በተክሌ ስልቶች መካከል ያለው ልዩነትም ሊቃውንቱ አጥብቀው የሚጠብቁት የውበት ልዩነት ነው። ይሁንና ዜማና አቋቋም የወረሱትን መጠበቅ ይበዛባቸዋል፤ ተማሪው ከመምህሩ የተቀበለውን ሳያጎድልና ሳይጨምር እንዲያስረክብ ይጠበቅበታል። መፍጠር የሚጠየቅበት ቤት ሌላ ነው።

ወደዚያ ከመሻገር በፊት ስለ ያሬድ ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱን ማንሣት ይገባል። በትምህርት ደክሞ ከአጎቱ የሸሸው ያሬድ ዛፍ ላይ ለመውጣት ደጋግማ የምትወድቅ ትል አይቶ እንደ ተመለሰ የሚናገረው ታሪክ በልጆች ዘንድ ሳይቀር የታወቀ ነው። ሌላው ታሪክ ግን የበለጠ ይከብዳል። ያሬድ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲዘምር ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የያዘውን ጦር በማኅሌታዩ እግር ላይ ተከለው፤ ደሙ እስኪፈስ ድረስ ሁለቱም አላወቁም ይላል ትውፊቱ። ንጉሡ ደንግጦ የምትሻውን ጠይቀኝ ባለው ጊዜ ያሬድ የጠየቀው ሹመት ወይም ርስት አይደለም፤ ከቤተ መንግሥት ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ለመመነን ፈቃድ ጠየቀ እንጂ።

ይህን ታሪክ የዜማ ኃይል ማስረጃ ብቻ አድርጎ መተረክ ግማሹን መተው ነው። ታሪኩ ውበት የሚያስከትለውን አደጋም ያውቃል። ንጉሥ በውበት ሲመሰጥ ጦሩ የት እንዳረፈ ይዘነጋል፤ የሚወጋውም ያው ባለ ጥበቡ ነው። ያሬድ ደሙን ካየ በኋላ በአዳራሹ ለመቆየት አልፈቀደም። በውበት የምታስተምር ቤተ ክርስቲያን ስለ ውበት የተረከችው ታላቅ ታሪክ የስንብት ታሪክ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ጥበብ ከባለ ሥልጣን አዳራሽ ጋር ያላትን ዝምድና በተመለከተ ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ሂስ ማግኘት ይቸግራል።

አሁን ወደ ቅኔ ቤት እንሻገር። ጎንጅና ዋሸራ በጎጃም፣ ዋድላ በወሎ የየራሳቸውን የቅኔ ጠባይ አበጅተው ኖረዋል። ተማሪው የግዕዝን ግስ፣ ርባ ቅምርና አገባብ ይማራል፤ እስከዚህ ድረስ ከማንኛውም የቋንቋ ትምህርት ብዙም አይለይም። የሚለየው ከዚህ በኋላ ነው። ጥቂት እንደ ተማረ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና እንዲያበጅ ይታዘዛል፤ ከዚያ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየና ሚበዝኁ፣ አምስት ቤት ወዳለው ዋዜማ፣ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ እያለ ይወጣል። ከጓደኞቹ ተለይቶ ከዛፍ ሥር ወይም ከጎጆው ጥግ ተቀምጦ ያሰላስላል፤ የቆጠረውንም ቅኔ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ይናገራል። መምህሩ ያርማል፣ ይነቅፋል፣ ይጥላል፣ አልፎ አልፎም ያደንቃል። በማግሥቱ ሌላ ቅኔ ይጠበቃል። የትናንቱ፣ ምንም ያማረ ቢሆን፣ የዛሬ ዕዳ አይከፈልበትም። የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ያቀረበ ተማሪ በጉባኤው መካከል ያፍራል።

የዚህን አሠራር ጥልቀት ለማሳየት አንድ ምሳሌ እንውሰድ። የመስቀል በዓል ተቃርቦ መምህሩ በዚያ ላይ ቅኔ እንዲቆጠር አዘዘ እንበል። አንድ ተማሪ ከጎጆው ወጥቶ ሜዳውን ያያል። ክረምቱን ሙሉ በጭቃ ውስጥ ተሰውራ የቆየች አደይ አበባ በመስከረም ብቅ ብላለች። ደስ ይለዋል፤ አበባይቱን ሰም፣ ተቀብሮ የወጣውን መስቀል ወርቅ አድርጎ ቅኔውን ያበጃል። ቀለሙ ያምራል፣ ወቅቱም ይገጥማል። መምህሩ ግን ይህ ሰም ወርቁን አይሸከምም ሊለው ይችላል። አበባ ጊዜው ሲደርስ በራሱ ይበቅላል፤ መስቀሉን ግን ንግሥት እሌኒ አስቆፍራ አወጣችው። የአበባው ቆፋሪ ማነው? ተማሪው ይመለሳል። ናዳ የደፈነውን፣ ገበሬዎች ቆፍረው ያወጡትን ምንጭ ያስባል። አሁን ቆፋሪ ተገኘ። ነገር ግን መምህሩ እንደገና ይጠይቀዋል፤ ናዳ ክፋት የለበትም፣ መስቀሉን ግን የቀበረው የሰው ምቀኝነት ነው፤ የምንጩ ቀባሪ ማነው? ተማሪው እንደገና ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ ወደ ሜዳው ሳይሆን ወደ መጽሐፉ። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 26 የአብርሃም አገልጋዮች የቆፈሯቸውን ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን በምቀኝነት አፈር እንደ ሞሉባቸው፣ ይስሐቅም መልሶ እንዳስቆፈራቸው ያገኛል። ቀባሪውም ቆፋሪውም፣ ከሥር የተሰወረው ሕይወት ሰጪ ውኃም በአንድ ላይ ተገኙ። ሰሙ ወርቁን ተሸከመ።

በዚህ መንገድ ተማሪው ምን ተማረ? መምህሩ ስለ መስቀል አንዲት ስብከት አልሰበከለትም፤ የጠየቀው የአንድ ምሳሌን መግጠምና አለመግጠም ብቻ ነው። ነገር ግን ተማሪው ምሳሌውን ለማሳመር ሲል የታሪኩን ፍሬ ነገር አንድ በአንድ መረመረ፤ የብሉይን ታሪክ ከሐዲስ ጋር አገናኘ፤ በመጻሕፍት ቤት አንድም እያለ የሚሄደውን ትርጓሜ ከወዲሁ በገዛ ልቡ ሠራው። የምሳሌው ጉድለት የሐሳቡ ጉድለት ሆኖ ተገኘ፤ ምሳሌው ሲቃና ሐሳቡም ቀና። ይዘትና ቅርጽ ይለያያሉ ወይስ አይለያዩም እያለ የዘመናዊ ሂስ ሲከራከርበት የኖረውን ነገር ቅኔ ቤት ያለ ክርክር በሥራ ፈትቶታል። ውበት በዚያ የዕውቀት ምስክር ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ከመጀመሪያው አያንስም። ቅኔ በማኅሌት የሚነገረው ለዚያ ቀን ተብሎ ነው፤ ተነግሮ ያልፋል። ስለዚህ ተማሪው የሠራውን መተው ይማራል። በየቀኑ አዲስ ነገር እየተጠየቀ ያደገ ሰው የትናንት ምስጋናውን ታቅፎ አይቀመጥም። ሽምደዳ የተባለው ትምህርት ከጫፉ ሲደርስ ድግግሞሽን የሚከለክል ሥርዓት ሆኖ መገኘቱ፣ ሁለቱም ፍርደኞች ያላስተዋሉት ጉዳይ ነው። ከንባብ ቤት በር ላይ የተመለሰ ሰው ድግግሞሹን ብቻ አየ፤ ከመስታወቱ ሣጥን ፊት የቆመውም ዘላለማዊ ቅርሱን ብቻ አየ። ነገን የሚጠይቀውን መምህር ሁለቱም አላዩትም።

ይህ ሁሉ ሲባል ቅኔ ቤቱ ከነቀፋ ነጻ ነው ማለት አይደለም። ቋንቋው ግዕዝ በመሆኑ ከጉባኤው ውጪ ያለው ምእመን የቅኔውን ቃና ቢሰማም ምሥጢሩ ያመልጠዋል። የሰምና ወርቅ ችሎታ አንዳንዴ ነገርን ለመግለጥ ሳይሆን ለመሰወር፣ ጌታን ለማመስገን ሳይሆን ጌቶችን ለማሞገስ ውሏል፤ ያሬድ የሸሸውን አዳራሽ ብዙ ባለ ቅኔ ፈልጎ ገብቶበታል። ከሁሉ በላይ በሩ ለሴት ልጅ ጠባብ ነበር። እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ በጎጃም ዓይነ ስውር ሆነው ቅኔ ተምረው፣ በኋላም ወንበር ዘርግተው ለብዙ ደቀ መዛሙርት ቅኔ ማስተማራቸው በኩራት ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ሆኖም የአንዲት ሊቅ ስም በተጠቀሰ ቁጥር ያልተጠቀሱትን፣ ከበሩ የተመለሱትንም ማሰብ ይገባል። ገላነሽ ሐዲስ የቤቱ ሥርዓት ጾታን እንደማይጠይቅ፣ የሚጠይቀው ልማዱ እንደሆነ አረጋግጠዋል።

የዚህን ትምህርት ሕይወት ከውስጥ ሆነው የመሰከሩ መጻሕፍት አሉ። ባለ ቅኔውና ጸሐፌ ተውኔቱ መንግሥቱ ለማ ከአባታቸው አንደበት ተቀብለው በ1959 ዓ.ም. ያሳተሙት የአለቃ ለማ ኃይሉ «መጽሐፈ ትዝታ» የአንድን ሊቅ ዘመን በገዛ ንግግሩ ያስነብባል፤ አለቃ እምባቆም ቃለ ወልድ ስለ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት የጻፉትንም እኚሁ ደራሲ ወደ እንግሊዝኛ መልሰውት እ.ኤ.አ. በ1970 በኒው ዮርክ ታትሟል። ሐዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» የአብነት ተማሪን ኑሮ ወደ ልብ ወለድ አምጥተውታል። ዘመናዊው የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ከቅኔ ቤት የወረሰው ነገር ቀላል አይደለም። ሆኖም ይህ ውርስ የቃል ውርስ ነው። ስለ እጅ ጥበብ ተመሳሳይ መጽሐፍ የፈለገ ሰው ብዙ ይደክማል።

እዚህ ላይ ወደ ጉድለቱ እንደርሳለን። ንባብ፣ ዜማ፣ ቅኔ፣ መጻሕፍት እየተባለ በሚቆጠረው የጉባኤ ዝርዝር ውስጥ የሥዕል ቤት፣ የቅርጽ ቤት፣ የአንጥረኛ ቤት አይገኝም። እጅ ወደ ጉባኤው የገባው በጽሕፈት በር ብቻ ነው፤ በጥንቱ ልማድ የድጓ ተማሪ የራሱን ድጓ በብራና ላይ እንዲጽፍ ይጠበቅ ነበር። ብራና መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ሐረግ መሳል ከሊቅ ጎን ተቀምጦ በጎንዮሽ የሚለመድ ሙያ ነበር እንጂ ወንበር ተዘርግቶለት፣ ጥያቄና መልስ ተበጅቶለት፣ እንደ ቅኔ ነቀፋና ምስጋና የሚቀበል ትምህርት አልሆነም።

ይህ የሆነው እጅ ለቤተ ክርስቲያኒቱ ያበረከተው ስላነሰ አይደለም። በዓድዋ አቅራቢያ በአባ ገሪማ ገዳም የሚገኙት በሥዕል የተዋቡ ወንጌሎች በካርቦን ምርመራ ከ330 እስከ 650 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ መሆናቸው ተገምቷል፤ በዓለም ላይ ከሚገኙት ጥንታውያን ባለ ሥዕል ወንጌሎች ተርታ የተሰለፉ ናቸው። በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ፍሬ ጽዮን በጣና ሐይቅ ዳጋ እስጢፋኖስ በሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ላይ ስሙን ትቶልናል። የጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣራ በመላእክት ፊት ተሞልቶ የሚመጣውን ሁሉ ቁልቁል ያያል። ፊደል ላልቆጠረው ምእመን መጽሐፉ ይህ ግድግዳና ይህ ጣራ ነበር። ቅኔው ካመለጠው ሥዕሉ ይቀበለው ነበር። ይሁን እንጂ ከነዚህ ግድግዳዎች የብዙዎቹን ሠዓሊ ስም የሚያውቅ የለም፤ የባለ ቅኔው ስም ግን ከቅኔው ጋር ከትውልድ ወደ ትውልድ ወርዷል።

የብረትና የብር ሠራተኛው ዕጣ ከዚህም የከፋ ነበር። አንጥረኛው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ ቡዳና ጠይብ እየተባሉ ተሰድበዋል፤ ከማኅበር ተገልለዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በእጁ ሠርቶ የሚያድረውን ሰው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ነውሩ ሥር የሰደደ ስለ ነበረ ነው። ነገሩን በግልጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ምእመኑ በካህኑ እጅ ያለውን መስቀል ይሳለማል፤ መስቀሉን ያበጀውን ሰው ግን ከማዕዱ ያርቃል። መሶበ ወርቁን፣ ጽናሐሉን፣ ቃጭሉን ያከብራል፤ የሠራውን እጅ ይፈራል። ጌታው በጠራቢ ቤት ያደገ ሃይማኖት፣ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 31 ባስልኤልን እግዚአብሔር በእጅ ጥበብ መንፈስ እንደ ሞላው የሚያነብ ሃይማኖት፣ ይህን ተቃርኖ ከጉባኤው ወንበር ላይ አንሥቶ በበቂ አልመረመረውም። ቅኔ ቤቱ አንድ ሰም ወርቁን አለመሸከሙን አጥብቆ ሲጠይቅ፣ ከደጁ ላይ የቆመውን ይህን የማይገጥም ነገር ዝም ብሎ አልፎታል።

አንድ መቃወሚያ እዚህ ላይ ይነሣል። ቅዱስ ሥዕል የግል ፈጠራ አይደለም፤ ሥርዓት አለው፤ ጻድቃን በሁለት ዓይን ፊት ለፊት፣ ኃጥኣን በአንድ ዓይን በጎን የሚሣሉት በልማድ ነው፤ ስለዚህ እንደ ቅኔ በየቀኑ አዲስ ነገር ሊጠየቅበት አይችልም የሚል ነው። መቃወሚያው ክብደት አለው፤ ግን አያዘልቅም። ቅኔም ሥርዓት አለው። የቤቱ ቁጥር የተወሰነ ነው፣ ቤት መምታቱ የተወሰነ ነው፣ ዜማው የተወሰነ ነው፣ የሚናገርለት በዓልም የተወሰነ ነው። ባለ ቅኔው በዚህ ሁሉ አጥር ውስጥ ሆኖ ነው አዲስ የሚፈጥረው። ፍሬ ጽዮንም በሥርዓቱ ውስጥ ሆኖ ነው የራሱን እጅ ያሳየው፤ ስሙ የተጻፈበትን ሥዕል ያጠኑ ሊቃውንት ስሙ ያልተጻፈባቸውን ሌሎች ሥዕሎች በአሣሣላቸው ከእርሱና ከተከታዮቹ ጋር ለማያያዝ መቻላቸው ለዚህ ምስክር ነው። ሥርዓት ፈጠራን አይከለክልም፤ ፈጠራን የከለከለው ጥያቄ የሚጠይቅ መምህር መጥፋቱ ነው።

እጅ ትምህርት ቤት ያገኘው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ውጪ ነው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ በ1950 ዓ.ም. ግድም ሲቋቋም መሥራቹ ዓለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓልያን ቤተ ሰብ የተወለዱ፣ በቺካጎ የተማሩ ሠዓሊ ነበሩ። የሊቅ ልጅ የነበረው ገብረ ክርስቶስ ደስታም እ.ኤ.አ. በ1963 «ጎልጎታ»ን ሲሥል የስቅለትን ነገር ከለመደው መልክ አውጥቶ በቀለም ኃይል ለመናገር ሞከረ። እነዚህ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ዓይንን ይዘው ወጡ፤ ተመልሰው የሚያስተምሩበት ወንበር ግን በጉባኤው ውስጥ አልተዘረጋላቸውም። በዚህም ሁለቱም ወገን ተጎዳ። ዘመናዊው ሠዓሊ የቅኔ ቤቱን ጥብቅ ነቃሽ አጣ፤ ቤተ ክርስቲያንም የተማረውን እጅ አጣች።

የዚህ መለያየት ዋጋ ዛሬ በብዙ አዳዲስ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ይታያል። ከውጭ አገር የመጣ የኅትመት ሥዕል ቀለሙ እየደመቀ ይገለበጣል። ሰዎች በአብዛኛው የሚነቅፉት የፊቱን ባዕድነት ነው። ይህ ነቀፋ ግን ላይ ላዩን ነው። ዋናው ጥፋት ሠዓሊው የሌላውን ቅኔ ይዞ ወደ ጉባኤ መቅረቡ ነው፤ የሚያሳፍረውም ሰው አለመኖሩ ነው። ከዚህ የከፋው ደግሞ ግልባጩን ለማልበስ ሲባል አሮጌው ሥዕል የሚፋቅ ወይም የሚሸፈን ከሆነ ነው፤ ያን ጊዜ የጠፋው የአንድ ዘመን እጅ ተመልሶ አይገኝም።

ቅኔውም ቢሆን ከዚሁ አደጋ አላመለጠም። በመደበኛ ትምህርት ቤት ሰምና ወርቅ፣ ኅብረ ቃል እየተባለ ትርጉሙ ይጻፋል፤ በጣት የሚቆጠሩ የታወቁ ምሳሌዎች ይሸመደዳሉ፤ ተማሪው ሰሙንና ወርቁን ለይቶ ነጥብ ያገኛል። አንዲት ኅብር ግን እንዲያበጅ አይጠየቅም። የቀደሙት ሊቃውንት ቅኔዎች ተሰብስበው መታተማቸው፣ ዛሬም በድምፅና በምስል መቀረጻቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን የተቀረጸ ቅኔ የትናንት ቅኔ ነው። ሽምደዳ ተብሎ ከተነቀፈው ትምህርት ሽምደዳ ያልነበረውን ክፍል ወስዶ ሽምደዳ ማድረግ የሚያሳዝን ምጸት ነው።

እንግዲህ መደረግ ያለበት ምንድን ነው? ለቅኔ ቤቱ ሐውልት ማቆም አይደለም፤ መምህሩና ተማሪው የሚኖሩበትን ቀለብና ጎጆ ማሰብ እንጂ። ጉባኤው ሲፈታ መጻሕፍቱ በዕቃ ቤት ሊቀሩ ይችላሉ፤ ጥያቄው ግን ከመምህሩ ጋር ይቀበራል። ለእጅም ወንበር መዘርጋት ያስፈልጋል። ሥዕል፣ ቅርጽ፣ የብራና ሥራና የብረት ሥራ ከጉባኤው ትምህርት ጋር ቢሰለፉ፣ ተማሪውም በሠራው መስቀልና በሣለው ሥዕል እንደ ባለ ቅኔው በጉባኤ ፊት ቢጠየቅ፣ ከሃይማኖቱ ሥርዓት የሚጎድል የለም። በሰንበት ትምህርት ቤት ያለ ሕፃንም የተዘጋጀ ሥዕል ቀለም ከመቀባት አልፎ የሰማውን ታሪክ በራሱ እጅ እንዲሥል፣ ስለ ሣለውም ምክንያት እንዲሰጥ ቢደረግ የቅኔ ቤቱ ደረጃ ከእግሩ ሥር ይጀምራል።

ውበትን ማሳየት ቀላል ነው፤ አድንቁ ማለትም ቀላል ነው። የአብነት ትምህርት ቤት ታላቅነት ልጁን የውበት ተመልካች አድርጎ አለመተዉ ነው። አበባይቱን ይዞ የመጣውን ተማሪ አመስግኖ አላሰናበተውም፤ ቆፋሪው ማነው ብሎ መለሰው። ይህ ጥያቄ ለቃል ብቻ ተለይቶ የተሰጠ አይደለም። ለሥዕሉም፣ ለመስቀሉም፣ ለአዲሱ ሕንፃም ይገባል። ለአንጥረኛው ሲቀርብ ደግሞ ሁለት ፍሬ ይሰጣል፤ ሥራውን ያቃናል፣ ሠራተኛውንም ከተማረው ሰው ጎን ያስቀምጠዋል።